መሃል ላይ የተቆረጠው የድራም ሶሎ (የድሮ ሮክ ወዳጆች፣ እስቲ ኑ)

ባለካሴቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የከፈትኩት አንድ ነገር ለብቻዬ መያዝ ስለከበደኝ ነው። እዚሁ መሃል አዲስ አበባ ሆናችሁ የድሮውን ሮክ የምትሰሙ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ በጣቱ ጉልበቱን የሚመታ ሰው ሳይ፣ ምን እየሰማህ ነው ብዬ መጠየቅ ያምረኛል። አንድም ቀን ግን ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ልጠይቅ።

የኔ እንዲህ ጀመረ። 1984 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ የ11 ዓመት ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት አስቀድቶ መጣ። ሸክላው የጓደኛው አጎት ነበር። ሰውዬው መርከበኛ ስለነበሩ ከባሕር ሲመለሱ ሸክላ ይዘው ይመጡ ነበር። ወንድሜ ካሴቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ዲፕ ፐርፕል ጃፓን" ብሎ ጻፈበት። በቃ። የዘፈን ዝርዝር የለም፣ ፎቶ የለም፣ ስንት ሰው እንደሚጫወት እንኳ አናውቅም። የምናውቀው ሰው እንደሚያጨበጭብ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ዘፈን ሁሉ ዘፋኙ ብቻውን ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ካሴት ግን አዳራሹ ራሱ ይሰማል። ሰው ይጮሃል፣ ያፏጫል፣ ጊታሩ ሳይጀምር ትንሽ ይነካካል፣ ከዚያ ድራሙ ከሩቅ እንደሚመጣ ባቡር ይነሳና ኦርጋኑ ሲደርብበት እኔ አልጋው ላይ ቆሜ ነበር።

ታዲያ ካሴቱ ባለ 60 ነው፣ አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ። አልበሙ (የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል "ሜድ ኢን ጃፓን") ደግሞ ሁለት ሸክላ ነው፣ 76 ደቂቃ አካባቢ። ስለዚህ "ኤ" ላይ ሦስት ዘፈን ሙሉ ገባና አራተኛው፣ የባንዱ ድራመር ኢያን ፔይስ ድራሙን ብቻውን የሚጫወትበት፣ መሃል ላይ ቀጥ። "ቢ" ላይም ያው ነው። 20 ደቂቃ ገደማ የሚሄደው የመጨረሻው ዘፈን ግማሹ ጋ ሲደርስ ክሩ ያልቃል። ለ15 ዓመት ያህል ያ የድራም ሶሎ ለኔ መጨረሻ አልነበረውም። መጨረሻውን ራሴ እየፈጠርኩ በማንኪያ ጠረጴዛ ላይ እመታ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ሙሉውን የሰማሁ ዕለት እንባዬ መጣ፣ ምንም አላፍርበትም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ እናንተን የያዛችሁ የመድረክ ቅጂ የቱ ነው? ደግሞስ እዚህ ከተማ ውስጥ ያንን ስሜት በሥጋችሁ ያገኛችሁት የት ነው?

ፒያሳ ሰፈሬ፦

ወንድሜ ፀጉሬን አቆምከው። ያ አልበም የተቀዳው በነሐሴ ወር 1972 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሁለት ምሽት ኦሳካ፣ አንድ ምሽት ቶኪዮ። የሚገርመው ባንዱ ራሱ የመድረክ አልበም ለማውጣት ብዙም ፍላጎት አልነበረውም። የጃፓን ሰዎች ለራሳቸው ገበያ ጠይቀው ነው የተቀዳው። በኋላ ዓለም ሁሉ ጠየቀ።

እኔ ግን የስቱዲዮ ሰው ነኝ፣ ልደብቅህ አልችልም። ፒንክ ፍሎይድን ማታ መብራት አጥፍቼ ነው የምሰማው። እያንዳንዱ ድምፅ ቦታው ላይ ተቀምጧል። መድረክ ላይ ሰው ይጮሃል፣ ማይክ ያፏጫል፣ ጊታሩ ከድምፁ ይበልጣል። ለምን ንጹሑን ትቼ ድፍርሱን እሰማለሁ?

ባለካሴቱ፦

@ፒያሳ ሰፈሬ፣ የፒንክ ፍሎይድ ትልቁ አልበም "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" በመጋቢት 1973 እ.ኤ.አ. ወጣ አይደል? እነሱ ግን ያንን ሥራ ከ1972 መጀመሪያ አንስቶ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መድረክ ላይ ሲጫወቱት ነበር። ከዓመት በላይ ሰው ፊት ነው የበሰለው። አንተ መብራት አጥፍተህ የምትሰማው ንጹሕ ነገር መጀመሪያ ድፍርስ ነበር ማለት ነው።

ፒያሳ ሰፈሬ፦

ይህን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ዛሬ ማታ በዚህ ጆሮ እሰማዋለሁ።

ቤዝ ላይ ነኝ፦

ሴት ነኝ፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፣ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። ሰው "ይሄ የፈረንጅ ነው፣ ምን አገናኘሽ" ሲለኝ ጊታሬን አንስቼ ነው የምመልሰው። ባቲ ማይነር የሚባለውን የኛን ቅኝት ከላ ብትጀምሩት ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። አምስት ድምፅ። የብሉዝና የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ሲማር መጀመሪያ የሚይዘው ስኬል ይኸው ነው፣ ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። ሮክ የወጣው ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ነው፣ ያ ብሉዝ ደግሞ በእነዚህ አምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። የኛ ዘፋኝ ድምፁን ያርገበግበዋል፣ የነሱ ጊታሪስት ክሩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ለዚህ ነው እናቴ ከጓዳ ሆና የሌድ ዜፕሊንን ጊታር ስትሰማ "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያንጎራጉረው" ያለችው። እንጉርጉሮ ነው የሰማችው፣ ልክ ናት።

ሪትሙ ላይ ግን እንለያያለን። ሮክ በአራት ይረግጣል፣ ችክችካ ደግሞ በስድስት ይሽከረከራል። ሁለቱን ማጋባት ከባድ ነው፣ እኔ ቤቴ ሞክሬ ጣቴ ደምቷል። ጃኖ ባንድ "ኤርታሌ"ን ሲያወጣ የወደድኩት ይህን ስለደፈሩ ነው። ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ድምፃውያን ፊት ላይ፣ ከኋላ የሚያጓራ ጊታር፣ ከሥር የኛ ምት። የኒውዮርኩ ቢል ላስዌል ነበር ፕሮዲውሰራቸው። መድረክ ላይ ያየኋቸው ጊዜ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሲያወዛውዙ እስክስታው የቱ ጋ አልቆ ሮኩ የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት አልቻልኩም።

አራዳ 77፦

ጃኖ ጃኖ ጃኖ! ከነሱ በፊት "የኢትዮጵያ ሮክ" ስል ሰው ፊቴን ያየኝ ነበር።

ወሎዬዋ፦

ባለካሴቱ የመድረክ ቅጂ ስለጠየቅክ የኔን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ በ77 ኮረም ነበረች። መጠለያው ውስጥ። እኔ ገና አልተወለድኩም። የቢቢሲው ዘገባ በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. የተላለፈው ከዚያው ከኮረም ነው። ያንን አይተው ነው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ መጀመሪያ ዘፈን ያወጡት፣ ቀጥሎ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን "ላይቭ ኤይድ" የተባለውን ትልቁን ኮንሰርት ያዘጋጁት። ዌምብሌይ ላይ ብቻ 72 ሺህ ያህል ሰው ነበር። የእንግሊዞቹ ባንድ ኩዊን የተጫወቱት 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ ብዙ የሮክ ወዳጅ "ምርጡ የመድረክ ሥራ የቱ ነው" ሲባል ያንን 20 ደቂቃ ይጠራል።

እኔ ለብዙ ዓመት ማየት አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሰው በፀሐይ ሸሚዙን አውልቆ እጁን እያጨበጨበ ሲስቅ፣ በዚያው ሰዓት እናቴ ወረፋ ላይ ነበረች ብዬ አስብ ነበር። ጓደኞቼ ሲከፍቱት ወጥቼ እሄድ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ራሷ ሳሎን ውስጥ ከልጄ ጋር ተቀምጣ አየችው። የኩዊኑን ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪን ነጭ ካናቴራ ለብሶ መድረኩን ሲያካልል አየች። ልጄ "አያቴ፣ ይሄ ለናንተ የተደረገ ነው" አላት። ዝም ብላ ቆየችና "ይሄ ሁሉ ሰው ስለኛ ሰምቶ ነበር?" አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዚያ ቀን በኋላ እኔም መስማት ጀመርኩ። አሁን ያንን ሕዝብ ሲያጨበጭብ ስሰማ ከሙዚቃው እኩል ሕዝቡን ነው የምሰማው። ስቱዲዮ ውስጥ ቢቀዳ ኖሮ ያ ሕዝብ አይሰማኝም ነበር። @ፒያሳ ሰፈሬ፣ ለዚህ ነው እኔ ድፍርሱን የምመርጠው።

ፒያሳ ሰፈሬ፦

እህቴ፣ ለእናትሽ ዕድሜ ይስጥልን። የምለው የለኝም።

ባለካሴቱ፦

እኔም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽን ከልብ ሳሚልኝ።

የሌሊቱ እንግዳ፦

ልጆቼ፣ ልጄ ስልኳ ላይ አሳይታኝ ነው የመጣሁት። 74 ዓመቴ ነው። እናንተ የጃፓኑን አዳራሽ በካሴት ሰማችሁ፣ እኔ ደግሞ የኛውን አዳራሽ በዓይኔ ስላየሁ ልመስክር።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት አይቻልም። ታዲያ ሂልተን ዋሊያስ ባንድ ይጫወት ነበር። የገባ ሰው በሰዓት እላፊ ምክንያት መውጣት ስለማይችል በሩ ይዘጋና እስከ ንጋት 12 ሰዓት እዚያው ነው። ባንዱም መሄጃ የለውም፣ እኛም የለንም። ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ። አስቡት፣ መጀመሪያ ላይ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይጫወታሉ፣ ከዚያ የአሜሪካኑን ሶል ይጫወታሉ፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም ሰው ሲደክመው፣ ያኔ ነው ለራሳቸው መጫወት የሚጀምሩት። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዱን ዜማ ይዞ ሲመላለስበት፣ ጊታሩ ዋዋ እያለ ከሥሩ ሲያጉረመርም፣ የሚጨፍር ሰው የለም፣ ሁሉም ተቀምጦ ያዳምጣል። ውጪው ያስፈራል። ማን ተያዘ፣ ማን ጠፋ፣ አታውቅም። ውስጥ ግን ያ ኦርጋን አለ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ፀሐዩ ዓይናችንን ይወጋዋል፣ በእግሬ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ስወርድ ጆሮዬ ውስጥ ገና ይጮህ ነበር።

ዋሊያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዝግጅት ሄዱና ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉም ቀረ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። በ1985 ያወጣውን አንድ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አንድ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ አግኝቶት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመውና ሰውዬው በእርጅናው ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ይህን ስሰማ ያቺን የሂልተን ጠዋት አስታወስኩ።

ቤዝ ላይ ነኝ፦

ጋሼ፣ እባክዎ ብዙ ይጻፉልን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ለራሳቸው ይጫወቱ ነበር ያሉትን ለባንዴ ልጆች አንብቤላቸዋለሁ። ልምምድ ላይ ዛሬ ማንም ሰዓት አላየም።

የሌሊቱ እንግዳ፦

እግዚአብሔር ያበርታችሁ የኔ ልጅ። ቤዙን አደራ፣ ቤዝ ከላላ ቤቱ ይፈርሳል።

ገመድ ጠቅላይ፦

እኔ የሳውንድ ሰው ነኝ። 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ቦታ ስለተጠየቀ እኔም ልናገር፣ ምክንያቱም ያንን ስሜት የሚያመጣው ባንዱ ብቻ አይደለም።

አንድ ሆቴል (ስሙን ተዉት) የሮክ ምሽት ተብሎ ተጠራሁ። ሳውንድ ቼክ 9 ሰዓት ተብሏል፣ አዳራሹን የሰጡን 12 ሰዓት ነው። ሰርግ ነበረበት። ድራሙን ሳንሰማው ሰው ገባ። ጊታሪስቱ የራሱን ድምፅ ከሞኒተር ስለማይሰማ አምፑን ከፍ አደረገ፣ ዘፋኟ አልሰማ ስላላት ጮኸች፣ እኔ ማይኳን ከፍ ሳደርግ ፉጨት። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር እስኪነሳና ሚክሰሩ ዳግም እስኪጀምር ጠበቅን። ሰው ግን አልሄደም! በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው በእጁ ምቱን ይዞ ቀጠለ፣ ድራመሩም ያለ ማይክ አብሯቸው መታ። ለአራት ደቂቃ ያህል ምንም ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ በዚያ ሌሊት ሳውንዱ ልክ የሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ሁሉ አልረሳውም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ስልክ ይዛችሁ ሙሉ ዘፈን አትቅረጹ። ከመድረኩ ሆኜ ሳይ እጅ አይታየኝም፣ ስክሪን ነው የሚታየኝ። ባንዱም የሚያየው ይህንኑ ነው። አንድ ደቂቃ ቅረጹና ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት።

አራዳ 77፦

ለኔ ቦታው ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝ አምባ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል በማግስቱ ሄጄ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ሌላም ብዙ ሰው ቆሟል፣ የማንተዋወቅ ሰዎች። አንዱ "ያ ጥግ ላይ ነበር የምቀመጠው" ብሎ በጣቱ አሳየኝ፣ ጥጉ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ፈንድቃ የሚባለው የአዝማሪ ቤት እሄድ ነበር፣ ካዛንቺስ፣ ዓርብ ዓርብ። እዚያ ደግሞ ማሲንቆው ከድራም ጋር ሲጋጠም ማየት ነበር። ካዛንቺስም ፈረሰ። ጊዮን ግቢ የሙላቱ አስታጥቄ የጃዝ መንደርም ሄጄ አውቃለሁ። ሮክ አይደለም ካላችሁኝ አልከራከርም፣ እኔ የምፈልገው ግን የሚጫወተው ሰው ሲያልበው ማየት ነው።

ፒያሳ ሰፈሬ፦

ማህሙድ አህመድ በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበት ነበርኩ። የስቱዲዮ ሰው ነኝ ብያችሁ አልነበር? እዚያ ግን "ኧረ መላ መላ" ሲጀመር የጮህኩት ጩኸት የኔ መሆኑን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ያንን ዘፈን በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው የቀዳው፣ በኋላ ሮሃ ከሆነው። የጊታሩን ድርደራ ዛሬም የትኛውም ሮክ ባንድ ቢጫወተው ያኮራዋል። ስለዚህ ቃሌን አንስቻለሁ። ሁለቱንም እሰማለሁ።

የድሮ ቀጂ፦

ባለካሴቱ፣ ጽሑፍህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ከ1978 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት እቀዳ ነበር። ያንተን የቀዳሁት እኔ ነኝ አልልም፣ በየሰፈሩ ቀጂ ነበር። ግን ሥራውን ላስረዳህ።

ደንበኛ ባለ 60 ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ባለ 90 ውድ ስለሆነ። ሸክላው ከዚያ ይበልጣል። ያኔ ሁለት ዓይነት ቀጂ አለ። አንዱ ማሽኑን ለቅቆ ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ክሩ ሲያልቅ ሙዚቃው በቃሉ መሃል ይቆረጣል። ሌላው ክሩን በዓይኑ ይጠብቃል። መጨረሻው ሊደርስ ሲል፣ አሥር አሥራ አምስት ሴኮንድ ሲቀረው፣ የድምፁን ማዞሪያ በጣቱ ቀስ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ሰው ቤቱ ሄዶ ሲሰማ እንዳይደነግጥ። ለዚህ የሚከፈልህ ነገር የለም። አለቃዬ ግን "ሙዚቃ ተሰናብቶ ነው የሚወጣ" ይለኝ ነበር፣ እኔም እስከ መጨረሻው ቆሜ ነው የምቀዳው። ያንተ ድንገት ቀጥ ካለ ቀጂው አልቆመም ማለት ነው፣ በእሱ ፈንታ እኔ አዝኛለሁ። ካሴቱ ካለህ ግን እስቲ እንደገና ስማው።

ባለካሴቱ፦

ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ።

ካሴቱ ወንድሜ ቤት ነው፣ ሽሮሜዳ። ትናንት ሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ቀዩ ጽሑፍ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ክሩ ላልቶ ስለነበር በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንነው። የጎረቤት ቴፕ ተዋስን። "ኤ"ን ከፈትነው፣ ሦስቱ ዘፈኖች አለፉ፣ ድራሙ ጀመረ። እኔ የት ጋ እንደሚቆረጥ በትክክል ስለማውቀው እጄን አንስቼ እየጠበቅኩ ነው። ያ ቦታ ደረሰ። አልተቆረጠም። ቀጠለ።

ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። "የድሮው ቴፓችን እኮ መጨረሻው ላይ ካሴት ይበላ ነበር" አለኝ። "እንዳይበላው ብዬ ሁልጊዜ ትንሽ ቀደም ብዬ ስቶፕ እጫን ነበር፣ አታስታውስም?" አላስታውስም። ያ ሁሉ ዓመት የሰማሁት ቀጥ ማለት የወንድሜ ጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ አርባ ሴኮንድ አለ። ከዚህ በፊት ከዚያ ካሴት ሰምቼው የማላውቀው አርባ ሴኮንድ። እና ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ ድራሙ ሳይቆም ቀስ እያለ ወረደ። ራቀ፣ ራቀ፣ ከዚያ የክሩ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ።

ቀጂው ቆሞ ነበር።